ቁጥሩ አባባ ጋ ነው

መጀመሪያ ስልኩን ታጠፋለች። የሲሙን መሳቢያ በመርፌ ገፋ አድርጋ ታወጣና ሲሙን በግራዋ ባለች የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ አንድ ጊዜ የደንበኛ ሲም ወለል ላይ ወድቆባት ግማሽ ቀን በጉልበቷ ስትድህ ውላለች። ከዚያ የሙቅ አየር መንፊያውን ከስክሪኑ አንድ ጣት ያህል አርቃ በጠርዙ ዙሪያ ታዞረዋለች። ሙጫው መለስለሱን የምታውቀው በአውራ ጣቷ ጥፍር ነው። የሙቀት መለኪያ አላት፤ የምታምነው ግን ጥፍሯን ነው። ቀጭን ፕላስቲክ አስገብታ ዙሪያውን ቀስ እያለች ታላቅቃለች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነቅላ ማግኔት ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ስልኩ ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል ትደረድራቸዋለች፤ ረዥሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይበሳዋልና። አሁን ወረንጦዋን ታነሳለች። መጀመሪያ የባትሪውን ማገናኛ፣ ቀጥላ የስክሪኑን ትነቅላለች። አሮጌውን ሙጫ አልኮል በነካው ጨርቅ ትጠርጋለች። አዲሱን ስክሪን ሳታጣብቅ ሰክታ ታበራና ጣቷን ከጥግ እስከ ጥግ እየጎተተች ትሞክረዋለች። ሁሉም ቦታ ከሰማ ብቻ ነው ሙጫ የምትቀባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወረንጦው ከእጇ አይለይም። ሻይ ስታማስልም እሱው ነው፣ ስትቆጣም እሱኑ ነው የምትወዘውዘው። ወረንጦ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። "ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የያዘችውን የማትለቅ! ወረንጦ ማለት አንቺ ነሽ" አላት አንድ ቀን፣ ስሙም በዚያው ቀረ። አሁን ደንበኞቹም "ወረንጦ አለች?" ብለው ነው የሚገቡት።

ስክሪን ብቻ አይደለም የምትሠራው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ የጨዋታ ሰዓት የሚገድቡ ፕሮግራሞችንም ትጭናለች። በዚህ ሥራ ላይ ግን አንድ ደንብ አላት፤ ለማንም አትሽረውም። ባለፈው አንዲት ሴት ስልክ በመሀረብ ጠቅልላ አምጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

"የባሌ ነው። የሌሊት ጥበቃ ነው፣ አሁን ተኝቷል። ሳይነሳ ጨዋታውን ቆልፊልኝ" አለቻት።

"ሲነሳ ይዘሽው ነይ።"

"ስልኩን?"

"ባልሽን። ስልኩማ መጥቷል።"

ሴትዮዋ ሳቋ መጣ፣ ግን አልሳቀችም። "እሱማ እሺ አይልም" አለች።

"እሺ ካላለ እኔ የምቆልፈው እስከ ማታ ነው። ማታ ይፈታዋል፤ ነገ ደግሞ ከአንቺ የሚደብቀውን መንገድ ይማራል። እመኚኝ፣ ይህን መንገድ ከእኔ በላይ የሄደበት የለም።"

ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እንዲህ አትመልስም ነበር። በዐሥር ደቂቃ ቆልፋ "ቀጣይ!" ትል ነበር። ያኔ እሷ ራሷ የጠርሙስ ተጫዋች ነበረች።

ጨዋታው ቀላል ነው። ጠርሙሶች አሉ፤ በውስጣቸው ባለቀለም ውሃ ተደራርቧል፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እያፈሰሱ መለየት ነው። ወረንጦ የጀመረችው ስልክ ቻርጅ እስኪያደርግ ስትጠብቅ ነበር። ሥራዋ ላይ አንድ የረጠበ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ ታግላው ላይነሳ ይችላል። ጠርሙሱ ግን ሁሌም መፍትሔ አለው። ቀለማቱ እየተለዩ ሲሞሉ አንድ ነገር ትከሻዋ ላይ ይላላል። ደግሞ ውድድር አለው፣ ደረጃ አለው፣ "አንድ ብቻ ቀረሽ" የሚል ጽሑፍ አለው። አንድ ሺህ አራት መቶኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ የሚጠገኑት ስልኮች መሳቢያ ውስጥ መጠራቀም ጀምረው ነበር።

ጅል አይደለችም፤ ነገሩ ገብቷታል። ሙያዋ ነውና በራሷ ስልክ ላይ መገደቢያ ጫነች። ጨዋታው በምሳ እረፍቷ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ ሰባት ሲሞላ ድርግም። የሚከፍተውን ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ነካካችው፣ እሷም እንዳታውቀው። ሁለት ሳምንት ሠራ።

ከዚያ ያች ወረንጦ የያዘች እጅ ክፍተት ፈለገች። ፕሮግራሙ ሰዓቱን የሚያነበው ከስልኩ ነው። እንግዲያው የስልኩን ሰዓት ወደኋላ ብትመልሰውስ? ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስድስት ታደርገዋለች፤ ጨዋታው እንደገና አንድ ሰዓት ያገኛል። ስትጨርስ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር። ኋላ በየቀኑ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን የግድግዳ ሰዓቱን ቀና ብሎ አይቶ ይነቃል። የወረንጦ ሱቅ ግን ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ ናት፤ በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ሃያ ስልክ ቢኖር ሃያ የተለያየ ሰዓት ነው የሚያሳየው። ባትሪው ተነቅሎ የተሰካ ስልክ ሰዓቱ ይዘባረቃል። አንዱ ከጠዋቱ ሁለት ይላል፣ አንዱ እኩለ ሌሊት፣ አንዱ ጭራሽ የዛሬ ስምንት ዓመት። በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሠራ ሰው የማንንም ሰዓት አያምንም። የራሱን ብቻ ነው የሚያምነው።

አባቷ ሃያ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። አሁን የሚኖሩት ከእሷ ጋር፣ ከሱቁ የዐሥር ደቂቃ መንገድ በምትርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የዓይን ግፊት ግራ ዓይናቸውን ሳያስጠነቅቅ ወስዶታል። ቀኙም መጥበብ ጀምሮ በቧንቧ ውስጥ አሾልኮ እንደማየት ሆኖባቸዋል። ሐኪሙ በጠብታ ብቻ እንደማይያዝ፣ የሌዘር ጨረር እንደሚያስፈልግ፣ ይህም በወር ውስጥ መሆን እንዳለበት ነግሯቸው ነበር። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ወረንጦ ስልኳ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲጮህ አላርም ሞላች፤ ሱቅ ዘግታ፣ አባቷን ይዛ፣ በታክሲ፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ለመድረስ።

በዚያ ቀን ለሰባት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጠርሙስ ቀርቷት ነበር። ሰዓቱን ወደ ስድስት መለሰችው። "አምስት ደቂቃ ብቻ፤ አላርሙ ሲጮህ እነሳለሁ" ብላ። አላርሙም የሚያነበው ያንኑ ሰዓት መሆኑን፣ የሰው ስልክ ሲሆን በእንቅልፍ ልቧም የምታውቀውን ነገር፣ በራሷ ስልክ ላይ ዘነጋችው።

አላርሙ ጮኸ። ሰባት ሰዓት ይላል። ወረንጦ ረክታ ተነሣች። ጠረጴዛውን ጠራረገች፣ ሱቁን ቆለፈች፣ መንገድ ላይ ለአባቷ ዳቦ ገዛች። ቤት ስትደርስ አባቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ የሐኪም ቤት ካርዱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ምነው ቆየሽ፣ ልጄ?"

"አባባ፣ ገና ሰባት ከሩብ እኮ ነው። አትቸኩል፣ እንደርሳለን።"

አባቷ ጆሯቸውን ወደ ራዲዮው ሰጡ።

"የስምንት ሰዓት ዜና አልቆ ስፖርት ጀምረዋል" አሉ።

"የቆየ ቅጂ ይሆናላ።"

"ዜና ደግሞ የቆየ ቅጂ አለው?"

ወረንጦ ስልኳን አየች። ከዚያ ራዲዮውን አየች። ከዚያ ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

"ለምን አልደወልክልኝም?" አለች፤ ጥፋቷን የምታሳርፍበት ቦታ ስትፈልግ።

"መንገድ ላይ ነሽ ብዬ ነዋ። መንገድ ላይ ላለ ሰው አይደወልም።" ይህ የሃያ ስምንት ዓመት ልማዳቸው ነው፤ ሲያሽከረክሩ ስልክ አያነሱም፣ ለአሽከርካሪም አይደውሉም። ልጃቸው በእግሯ እንደምትመጣ እያወቁም።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ሆኗል። ቀጠሮ የምትመዘግበው ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገቡን አየች። "ሦስት ጊዜ ነው የተጠሩት፣ አባት" አለቻቸው። ቀጥላ ወደ ወረንጦ ዞረች። "ማሽኑ ባዶውን ነው የቆመው። አግዳሚው ላይ ደግሞ ሰው የሚቀር ከሆነ ብለው ሁለት ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቁ ነበር። ትቀራላችሁ ብዬ ስላላሰብኩ አሁን ትመጣላችሁ፣ አሁን ትመጣላችሁ እያልኩ ሰዓቱ አለፈ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። ምን ሆናችሁ ነው?"

"መንገዱ ተዘጋግቶ" የሚለው ቃል ወረንጦ ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቷ አጠገቧ ቆመዋል። መንገድ ክፍት እንደነበር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

"ስልኬ ላይ ጨዋታ ስጫወት ነበር" አለች። "ሰዓቱን ራሴ ወደኋላ መልሼው ረሳሁት።"

ሲስተር መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደችው፤ ለማንበብ ሳይሆን ወረንጦን በደንብ ለማየት።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ" አለች። "መንገድ፣ ቀብር፣ ዝናብ፣ የታመመ ዘመድ፤ ያልሰማሁት የለም። ይሄንን ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።" እርሳሷን አነሣች። "ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ሁኑ። የሚቀር ሰው ካለ አስገባቸዋለሁ። ቃል አልገባም። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ኑ።"

ወረንጦ ያችን ሴት እስከ ዛሬ ስታነሣ ድምጿ ይለወጣል። ተቆጥታት ብትሸኛት ማን ይፈርድባታል? አልተቆጣቻትም። የምትሠራው ነገር ሰጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ማንም አልቀረም። አራት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ወረንጦ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ መልሳ ከተተችው። ደግማ አወጣችው። አባቷ አላዩም፤ የቦርሳውን ዚፕ ግን ሰሙ።

"ስድስተኛዋ መኪናዬ ላይ" አሉ ድንገት፣ "ድርጅቱ የፍጥነት መገደቢያ አስገጠመ። ከሰባ በላይ ስትረግጪ ነዳጁን ያንቀዋል። ጓደኞቼ ሁሉ ተሳደቡ። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም ያልኩ ይመስልሻል?"

"ጨዋ ስለሆንክ።"

"ሽቦዋን ስላገኘኋት።"

ወረንጦ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንትም ሳቁ፤ እሳቸውም ሾፌር የነበሩ ይመስላል።

"ከተማ ስወጣ እነቅላታለሁ፤ ጋራዥ ስገባ እሰካታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን እናትሽ አብራኝ ተሳፈረች። ስነቅል አየችኝ። መልሰህ ሰካ አለችኝ፣ ሰካሁ። መርፌና ክር ከቦርሳዋ አወጣችና ሽቦዋ ያለችበትን ሳጥን የሸራ ክዳን ከሥሩ ካለው ቆዳ ጋር ሰፋችው።"

"በክር?"

"በክር። ነጭ የልብስ ክር። በጥርስ የሚበጠስ።"

"ታዲያ በጠስከው?"

"አንድ ቀን ልበጥሰው እጄን ሰደድኩ። ስመለስ ታየዋለቻ። 'በጠስከው' አትልም እኮ፣ ዝም ብላ ነው የምታየው። እጄን መለስኩ።" አባቷ አገጫቸውን አሻሹ። "ያች ክር መኪናዋ እስክትሸጥ ድረስ ነበረች።"

ወረንጦ ስልኳን አወጣች፤ ለጨዋታ አልነበረም። ስለ መገደቢያ ፕሮግራሞች የምታውቀውን ሁሉ በልቧ ደረደረች። የትኛው በየት በኩል እንደሚፈታ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። የምትፈልገው የማይፈታ አልነበረም። ሲፈታ ሰው የሚያውቀው ነበር የምትፈልገው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ነፃ ፕሮግራም አገኘች፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው፣ መልኩ የማያምር። ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኩ ሳይሆን ከኔትወርኩ ነው፤ ስለዚህ ሰዓት ቢመለስ ቢገፋ አይሸወድም። የሚከፈተው ሌላ ሰው በሚይዘው ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ነው። ቢነቀል ወይም ስልኩ ጨርሶ ቢጠረግ፣ ቁጥሩን ለያዘው ሰው ስልክ መልእክት ይልካል።

ችግሩ የአባቷ ዓይን ነበር፤ የስክሪን ቁጥር አጥርተው አያዩም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ አስቀመጠቻቸውና በስክሪኗ መከላከያ መስታወት ላይ፣ ልክ አምስት ቁጥር በምትወጣበት ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ጥርት ያለ ሙጫ አሳረፈች። ሲደርቅ የጤፍ ፍሬ ታህል አበጠች። አባቷ በጣታቸው ዳስሰው አምስትን ካገኙ ሌሎቹን ከዚያ ይቆጥራሉ።

"ዙሪ" አሉ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አምስት ጊዜ ነኩ፣ ደግመው አምስት ጊዜ ነኩ።

"ምን አስገባህ?"

"የመኪና ታርጋ ነው። አስራ አንድ መኪና ነድቻለሁ፣ የአንዱንም ታርጋ አታውቂም።"

"አባባ፣ ለምን ነገርከኝ? አሁን እፈልገዋለሁ እኮ!"

"ፈልጊያ! ግማሾቹ ብረት ሆነው ቀልጠዋል።"

ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ጠዋት እንዲሁ አለፉ። ሲስተር በመስኮቷ በኩል ራሷን እየነቀነቀች "ነገ" ትላቸዋለች። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ አልፎ ሲሄድ የአባቷን ዓይን በኪስ መብራቱ አየና ከንፈሩን ነከሰ። ወረንጦ ያን አየች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስትመለስ መላው አካሏ የፈለገው ያንን የጠርሙስ ቀለም ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ምንም አለማሰብ።

"አባባ፣ ፕሮግራሙ አፕዴት ይፈልጋል። ቁጥሩን ንገረኝ።"

"ምን ይፈልጋል?"

"አፕዴት። መታደስ።"

"ነገ ይታደስ።"

"ዛሬ ካልታደሰ ይበላሻል እኮ!"

"ይበላሻ።"

"ስልኩ የእኔ ነው!" ብላ ጮኸችባቸው። በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ራዲዮውን ከፍ አደረጉ።

ወደ ሱቋ ሄደች። ስልኳን ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ አገናኘችው። ስልክን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ለእሷ የአራት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሰው በቀን አምስት ጊዜ ትሠራዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረሰ። የአባቷ ስልክ ግን መልእክት ሲገባ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው፤ ዓይናቸው ሲደክም እሷው ነበረች ያስተካከለችላቸው። አሁን ቤት ውስጥ፣ ከራዲዮው ጎን፣ ያ ስሜት የሌለው የማሽን ድምፅ "መገደቢያው ተነሥቷል" ሲል በሐሳቧ ሰማችው። አባቷ ሲሰሙት አየች። ምንም እንደማይሉ አየች።

ገመዱን ነቀለችው። መሳቢያ ውስጥ ከተጠራቀሙት ስልኮች አንዱን አወጣች፣ የቻርጀር መስኪያው የተሰበረ። ብሎኖቹን ፈታች። እሱን ስትጨርስ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አነሣች።

በስድስተኛው ጠዋት ገና ሳይቀመጡ ሲስተር በመስኮቷ ጠራቻቸው። አንድ የሁለት ሰዓት ተረኛ ትናንት ደውሎ መምጣት እንደማይችል ተናግሯል። ማን እንደሆነ ወረንጦ አታውቅም፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም። ደውሎ መንገሩ ብቻ በቂዋ ነበር። እሷ ባልደወለችበት ቀን ሁለት ሰዎች አግዳሚ ላይ ቀርተዋል፤ ይህ ሰው በመደወሉ አባቷ ገቡ። ጨረሩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አባቷ ሲወጡ "ብየዳ ነው የሚመስለው" አሉ።

የጠፋው አልተመለሰም። ሐኪሙም ይመለሳል ብሎ አልዋሸም። ግፊቱ ግን ወረደ፣ የቀረችው ዓይን ባለችበት ቆመች። ዛሬም አባቷ በዚያች ቧንቧ በምታህል ክፍተት የልጃቸውን ፊት ያያሉ፤ በአንዴ አያዩትም፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው፣ መጀመሪያ ግንባሯን፣ ከዚያ አፍንጫዋን። "ከስተሻል" ሲሏት ወረንጦ ደስ ይላታል። ካላዩ ከየት ያመጡታል?

ቁጥሩን ሁለተኛ አልጠየቀችም ማለት ውሸት ይሆናል። አራት ጊዜ ጠይቃለች። አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና፣ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ ደግሞ እንቅልፍ ይዟቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው በጆሯቸው በማንሾካሾክ። "ታርጋ ቁጥር ስንት ነበር፣ ሹፌር?" ብላ የትራፊክ ፖሊስ ሆና። አባቷ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ "ቅጣቱን እከፍላለሁ" አሏት። በስድስተኛው ወር ገደማ መጠየቁን ራሱ ረሳችው። አሁን ምሳ እረፍቷ ላይ ትጫወታለች፣ ሃያ ደቂቃ፤ ሲዘጋ ስልኩን አስቀምጣ ምሳዋን ትበላለች።

ፕሮግራሙን የሠራው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። አመስጋኝ ሰው ደግሞ የሚያመሰግነውን ካላገኘ ዕረፍት የለውም። ከፕሮግራሙ ሥር አድራሻ ፈልጋ ጻፈችለት፤ የአባቷን ዓይን፣ ሰዓቱን፣ አግዳሚውን፣ ሁሉንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጭር መልስ መጣ። ሠሪው ሌላ አገር ያለ የማታ አስተማሪ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ለወንድሙ ነበር፤ ሌላ ሰው እንደሚጠቀምበት እርግጠኛ እንዳልነበረ ጻፈ። "የጎደለው ነገር ካለ ንገሪኝ" የሚል መስመርም ጨመረበት። ሌላ ሰው ቢሆን "ምንም አልጎደለውም፣ ተባረክ" ይላል። ወረንጦ ግን ሠራተኛ ናት፤ ለሠራተኛ የሚገባውን ምስጋና ታውቃለች። በፊደላችን ሲጻፍ የቃሉ መጨረሻ እንደሚቆረጥ፣ ቁጥሮቹ ላላየ ሰው በድምፅ ቢነገሩ እንደሚሻል፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ ገደቡ እንደሚላላ፣ ሦስቱንም ከነፎቶው ላከችለት። አስተማሪው ሁለቱን አስተካከለ። ሦስተኛው ላይ አሁንም ይጻጻፋሉ።

ደንቧ የመጣው ከዚህ ነው። ባለቤቱ ሳይኖር አትቆልፍም። ቁጥሩን ራሷ አታስገባም፣ እንዲነግሯትም አትፈቅድም። "እኔ ካወቅኩት እኔን ነው የምትለምኑት" ትላለች። ቁጥር የሚይዝ ሰው ይዞ መምጣት የደንበኛው ፈንታ ነው።

መጀመሪያ ሰው አጥቶ የመጣው ልብስ ሰፊው ነበር። በስልኩ ካርታ ሲጫወት ካውያ ሸሚዝ ላይ ረስቶ የሰው ጀርባ አቃጥሏል። ሸሚዙን ማለታችን ነው።

"ለማን ልስጠው? ብቻዬን ነው የምኖረው" አለ። "ለደንበኞቼ ልስጥ? ሱሪያቸው ሲዘገይ ሊበቀሉኝ?"

አባቷ በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። "አምጣው" አሉ። "አስር ታርጋ ይቀረኛል።"

እንዲህ ተጀመረ። አሁን አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ። የዘጠኝ ሰዎችን ቁጥር በጭንቅላታቸው ይዘዋል፤ አንዱንም በወረቀት አላሰፈሩም። የትኛው ሰው የትኛዋ መኪና እንደሆነ ያውቃሉ። አንዲት የማታ ተማሪ "ያች ሽቅብ የማትወጣዋ" ናት፤ ልብስ ሰፊው "ፍሬኗ የሚጮኸው" ነው። ያች በመሀረብ ስልክ ጠቅልላ የመጣችው ሴትም በሳምንቱ ባሏን ይዛ መጣች፤ እየተነጫነጨም ቢሆን መጣ። ቁጥሩን ግን ለሚስቱ አልሰጥም ብሎ ለሽማግሌው ሰጠ። ሚስቱም "ለማንም ይስጥ፣ ብቻ ይስጥ" አለች።

ሁሉም ጥሩ ነው፤ አንድ ችግር ግን አለ። ወረንጦም ይህ እንዲጻፍ ስትስማማ "ይሄን ሳትጽፉ እንዳትቀሩ" ብላ ያስያዘችው እሱኑ ነው፦

"ገደብ የምትፈልጉ ኑ፤ እጭንላችኋለሁ፣ ሰው ካጣችሁ አባቴ ቁጥራችሁን ይይዝላችኋል። ግን እባካችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ገዝታችሁ፣ ቅዳሜን ጠብቃችሁ፣ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላችሁ አባቴን አታባብሉት። እኔን እንቢ ያለው ልጁ ስለሆንኩ ነው፤ እንግዳ ላይ ሆዱ አይጨክንም። አንዱን ከሰጠ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ቁጥሩ ሲያስፈልጋችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ። ከሳምንት በኋላ አሁንም ከፈለጋችሁት፣ መጀመሪያ እኔ ጋ ኑ፤ ሥራዬን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ እሰማችኋለሁ።"